ከስቴት ውጭ የመጀመሪያ የኪራይ ቤት፦ ክሊቭላንድ፣ ኢንዲያናፖሊስ፣ ዳላስ ወይስ አትላንታ?

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለሚኖር ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። እዚህ አካባቢ 600 ሺህ ዶላር የሚጠየቅበትን ቤት 20 በመቶ ከፍሎ ቢገዛው እንኳ ኪራዩ ወጪውን አይሸፍንለትም። ለዳውን ፔይመንት (ለቅድሚያ ክፍያ) የሚያወጣው 120 ሺህ ዶላር ደግሞ ክሊቭላንድ ውስጥ ሙሉ ቤት ይገዛል። ስለዚህ ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ ሌላ ስቴት ይጥላል። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ያላየውን ቤት በስልክ ፎቶ ብቻ የሚገዛ ግን ሞልቷል።

ችግሩ ምክሩ መብዛቱ ነው። አንዱ «ዳላስ ግዛ» ይላል። ሌላው አትላንታ ዘመድ አለው። ዩቲዩበሩ ደግሞ ከኦሃዮ ወዲያ ላሳር ይላል። እዚህ አራቱን ከተሞች በአንድ ዓይነት መለኪያ አስቀምጣቸዋለሁ። የምጽፈው ቤቱን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይዞ ለመቆየት ላሰበ ሰው ነው። ገዝቶ፣ ቀብቶ፣ በስድስት ወር ለመሸጥ ያሰበ ሌላ ጽሑፍ ይፈልግ።

## ከከተማው በፊት መለኪያው

አምስት ነገር ነው የማየው። ታክሱ ቤቱ በእኔ ስም ሲዞር ስንት ይሆናል? ኢንሹራንሱ ስንት ነው፣ ምንስ አይሸፍንም? የቤቱ ዕድሜ ምን ዓይነት ጥገና ይጠራል? ተከራይ መክፈል ቢያቆም ሕጉ ምን ይላል? ቁልፉን ማን ይይዝልኛል?

የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከሜሪላንድ ሆናችሁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቧንቧ ፈነዳ ብትባሉ የምትደውሉለት ሰው ከሌለ ቀሪዎቹ አራት መልሶች ዋጋ የላቸውም። ይሄ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፐርቲ ማኔጀር ነው። ከወር ኪራይ ከ8 እስከ 10 በመቶ ይወስዳል። አዲስ ተከራይ ሲያስገባ ደግሞ ብዙዎቹ ከግማሽ ወር እስከ አንድ ወር ኪራይ ይጨምራሉ። ጥገና ላይ የራሳቸውን ኮሚሽን የሚደርቡም አሉ። ውሉ ውስጥ ይጻፋል፤ አንብቡት።

የኪራይና የዋጋ ንጽጽርን መለኪያ ውስጥ ያላስገባሁት ረስቼው አይደለም። ኪራዩ የዋጋው 1 በመቶ ከሆነ ጥሩ ነው የሚባለው ነገር ብቻውን ሲቆም አሳሳች ነው። ለምን እንደሆነ እንየው።

## የሻጩ ሒሳብና የእናንተ ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል ነው። ኢንዲያናፖሊስ ዳር ላይ 220 ሺህ ዶላር የሚሸጥ፣ በወር 1,750 ዶላር የሚከራይ ቤት አገኛችሁ። 25 በመቶ ከፍላችሁ ቀሪውን 165 ሺህ ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ተበደራችሁ እንበል። ለባንክ በወር 1,098 ዶላር ትከፍላላችሁ። ሻጩ ያሳያችሁ ወረቀት ላይ ታክሱ 183 ዶላር፣ ኢንሹራንሱ 100 ዶላር ነው። ድምሩ 1,381 ዶላር። በወር 369 ዶላር ይተርፋል። ደስ ይላል።

አሁን በእናንተ ስም እንቁጠረው። ኢንዲያና ውስጥ የፕሮፐርቲ ታክስ (በቤቱ ግምት ላይ በየዓመቱ የሚከፈለው ግብር) ጣሪያ በሕገ መንግሥቱ ተቀምጧል። ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት ከግምቱ 1 በመቶ፣ ለኪራይ ቤት 2 በመቶ ነው። ሻጩ ቤቱ ውስጥ ይኖር ነበር። እናንተ አትኖሩም። ስለዚህ ታክሱ እስከ 367 ዶላር በወር ሊደርስ ይችላል። ኢንሹራንሱም ለአከራይ ሲሆን ይለያል፤ 125 ዶላር እንያዝ። ማኔጀሩ በ9 በመቶ 157 ዶላር ይወስዳል። ቤቱ ባዶ ለሚቆይበት ጊዜ 88 ዶላር፣ ለጥገናና አንድ ቀን ለሚቀየረው ጣሪያ 175 ዶላር እናስቀምጥ። አሁን ድምሩ 2,010 ዶላር መጣ። በወር 260 ዶላር ከኪሳችሁ ትጨምራላችሁ።

ቤቱ ያው ነው፣ ኪራዩም ያው ነው። የተቀየረው ባለቤቱ ነው። በዚህ ወለድ ቤቱ ራሱን እንዲችል ዳውን ፔይመንቱ ወደ 94 ሺህ ዶላር ገደማ መድረስ አለበት። በጥሬ ገንዘብ ብትገዙት ደግሞ በዓመት የሚመለሰው 4.6 በመቶ አካባቢ ነው። ለዚህ ለዚህ ባንክ ይቀመጥ የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ወይ ሻጩ ዋጋ ይቀንሳል፣ ወይ ሌላ ቤት ትፈልጋላችሁ።

አራቱን ከተሞች የማያቸው በዚህ ዓይን ነው።

## ክሊቭላንድ

ወረቀት ላይ ሲታይ የሚያህለው የለም። ዋጋው ዝቅተኛ፣ ኪራዩ ከዋጋው አንጻር ከፍተኛ ነው። ክሊቭላንድ ክሊኒክን የመሰለ ትልቅ ቀጣሪ አለ። ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ መመለስም ይቻላል። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ግን አለ። ከተማዋ በ1950 ወደ 915 ሺህ ሕዝብ ነበራት። በ2020 ቆጠራ የቀረው 372 ሺህ ገደማ ነው። ከሰው ቁጥር በላይ ቤት ያለበት ቦታ ዋጋ ቶሎ አያድግም።

ቤቶቹም አሮጌ ናቸው። ብዙዎቹ ላይና ታች ሁለት ቤተሰብ የሚይዙ፣ መቶ ዓመት የሞላቸው የእንጨት ቤቶች ናቸው። የፍሳሽ መስመሩ የሸክላ ቧንቧ ሊሆን ይችላል፤ የዛፍ ሥር ይገባበታል። ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩን በካሜራ አሳዩ። ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ሲሰበር የሚመጣው ወጪ ግን በሺዎች ነው። ክረምት ላይ ባዶ የቆየ ቤት ቧንቧው በርዶ እንደሚፈነዳም አትርሱ።

ከዚያ ሕጉ ይመጣል። ከ1978 በፊት የተሠራ የኪራይ ቤት ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም አደጋ እንደማይፈጥር የሚያሳይ የከተማ ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። በ2024 የወጣው ደንብ ደግሞ ሩቅ ያለ ባለቤት በአካባቢው የሚኖር፣ ለቤቱ ተጠያቂ የሚሆን ሰው እንዲሰይም ያዛል። ከተማዋ ከተጣራ የኪራይ ትርፍ ላይ 2.5 በመቶ የገቢ ግብር ትወስዳለች። ክሊቭላንድ ያለችበት ካያሆጋ ካውንቲ በ2024 የቤት ግምት ሲያድስ የመኖሪያ ቤቶች ግምት በአማካይ ወደ 32 በመቶ ጨምሯል። ጎረቤት ከተሞቹ ክሊቭላንድ ሃይትስና ሼከር ሃይትስ ደግሞ ቤት ሲሸጥ የራሳቸውን ፍተሻ ያደርጋሉ። የተገኘውን ጉድለት ማን ያስጠግን የሚለው በዋጋ ድርድሩ ውስጥ መግባት አለበት።

የእኔ አስተያየት፦ ምሥራቁ ክሊቭላንድ ውስጥ በ80 ሺህ ዶላር የሚሸጠው ቤት ለጀማሪ አይሆንም። ኦሃዮን የግድ ካላችሁ ክሊቭላንድ ዳር ባለችው ፓርማ ውስጥ ያሉትን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች እዩ። ትርፉ ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ግን አለ።

## ኢንዲያናፖሊስ

ሒሳቡን ከላይ ስላየነው እዚህ አላረዝምም። ሥራው የተደባለቀ ነው፦ መድኃኒት አምራቹ ኢላይ ሊሊ፣ የፌዴክስ የጭነት ማዕከል፣ ሆስፒታሎች፣ መጋዘኖች። የስቴቱ የገቢ ግብር 3 በመቶ አካባቢ ነው። ኪራይ ላልከፈለ ተከራይ በመደበኛው አሠራር የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የታክስ ጣሪያው 2 በመቶ መሆኑ የሚያስከፋ ቢመስልም ጥሩ ጎን አለው። ከፍተኛውን ቀድማችሁ ስለምታውቁ ሒሳባችሁ ብዙም አይናጋም። ለመጀመሪያ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የጎደለው ብዙዎቻችን እዚያ ሰው የሌለን መሆኑ ነው። ቁልፉን የሚይዘው ማኔጀሩ ብቻ ነው ማለት ነው።

## ዳላስ

እዚህ ሰው አለን። ጋርላንድና ሪቻርድሰን አካባቢ የሐበሻ ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያንና ምግብ ቤት ሞልቷል። የአክስት ልጅ፣ የድሮ ጎረቤት አይጠፋም። የዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ በ2020 ቆጠራ ከ7.6 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ አሁንም እያደገ ነው። ቤቶቹ አዳዲስ ናቸው። በረጅም ጊዜ ዋጋ ይጨምራል ብሎ ለሚያምን ቦታው ይሄ ነው።

ነገር ግን «ቴክሳስ የስቴት ታክስ የለም» የሚለውን ምክር ተጠንቀቁት። ቴክሳስ ከኪራያችሁ የገቢ ግብር አይወስድም፤ እውነት ነው። እናንተ ግን የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ ነዋሪ ናችሁ። የምትኖሩበት ስቴት የትም ያገኛችሁትን ገቢ ይቀርጣል። ለኦሃዮ ወይም ለጆርጂያ የከፈላችሁትን በክሬዲት መልክ ሊያወራርድላችሁ ይችላል። ለቴክሳስ ያልከፈላችሁትን ግን ራሱ ይወስደዋል። ስለዚህ ጥቅሙ ቴክሳስ ለሚኖር ሰው ነው እንጂ ለእኛ አይደለም። ቴክሳስ የገቢ ግብር የተወበትን በፕሮፐርቲ ታክስ ያካክሰዋል፤ እሱን ግን እንከፍላለን። እንደ አካባቢው 2 በመቶ ገደማ ነው፤ አዲስ ሰፈሮች ላይ ለመንገድና ለውኃ መስመር የሚከፈል ተጨማሪ አለ። ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት የሚሰጠው ትልቅ ቅናሽ ለኪራይ ቤት አይሠራም።

ሌላው በረዶ ነው። የሰሜን ቴክሳስ በረዶ ጣሪያ ይበሳል። ኢንሹራንሱ ውድ ነው። ብዙ ጊዜ የበረዶና የነፋስ ዲደክተብሉ በመቶኛ ይቀመጣል። 320 ሺህ ዶላር የተገመተ ቤት 2 በመቶ ካለው መጀመሪያ 6,400 ዶላር ከኪሳችሁ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ኩባንያው የሚከፍለው።

አፈሩም አለ። የዳላስ አካባቢ አፈር አብዛኛው ዋልካ ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የቤቱን መሠረት ያንቀሳቅሳል። በር አልዘጋ ካለ፣ ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ከተራ ኢንስፔክተር በላይ ስትራክቸራል ኢንጂነር ጥሩ።

## አትላንታ

ክላርክስተንና ዲካልብ ካውንቲ ለሐበሻ እንግዳ አይደለም። ዋጋው በዳላስና በኢንዲያናፖሊስ መካከል ነው የሚወድቀው። ነገር ግን ሁለት ወጥመድ አለው።

አንደኛው ኤች ኦ ኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ነው። ብዙ ሰፈሮች ከይህን ያህል ቤት በላይ አይከራይም የሚል ደንብ አላቸው። ኮታው ከሞላ ወረፋ ትጠብቃላችሁ። ቤቱን ገዝቶ ማከራየት አለመቻል ማለት ነው። ሪልተሩ «ችግር የለውም» ቢል አትመኑ፤ ደንቡን በጽሑፍ አስመጡ፣ ከኤች ኦ ኤው ራሱ መልስ ተቀበሉ። ሁለተኛው ያው የታክስ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ኮብ ካውንቲ ውስጥ ዕድሜው 62 የሞላ ባለቤት ለሚኖርበት ቤት የትምህርት ቤት ታክስ አይከፍልም። ከጡረተኛ ላይ የገዛችሁት ቤት የታክስ ወረቀት የሚያምረው ለዚህ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት በስማችሁ ሲመጣ ግን ሌላ ቁጥር ነው።

ትልልቅ ኩባንያዎችም አትላንታ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ይዘው ያከራያሉ። ስትገዙም ስታከራዩም ተፎካካሪያችሁ እነሱ ናቸው። ሕጉን በተመለከተ ከሐምሌ 2024 ወዲህ ተከራይ የሚያስይዘው ተቀማጭ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ላልከፈለ ተከራይም ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የሦስት የሥራ ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ ነው።

ሜምፊስና በርሚንግሃምስ? በርሚንግሃም ላይ ፕሮፐርቲ ታክሱ ርካሽ ነው፤ አላባማ ግን የኪራይ ቤትን የምትቀርጠው ባለቤቱ ከሚኖርበት በእጥፍ መነሻ ነው። ሁለቱም ከተሞች ሰፈር በሰፈር ስለሚለያዩ ሳያዩ የሚገባባቸው አይደሉም።

## ባጭሩ በሰንጠረዥ

| መለኪያ | ክሊቭላንድ | ኢንዲያናፖሊስ | ዳላስ | አትላንታ |
|---|---|---|---|---|
| የመግቢያ ዋጋ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ከመካከለኛ በላይ |
| ወርሃዊ ትርፍ የማግኘት ዕድል | ጥሩ፣ ጥገና ካልበላው | ጠባብ | በብድር ከሆነ አስቸጋሪ | ጠባብ |
| ዋጋው የማደግ ተስፋ | አነስተኛ | መካከለኛ | ጥሩ | ጥሩ |
| ታክስ ላይ የሚጠበቅ ድንገተኛ ነገር | የግምት እድሳት፣ የከተማ ግብር | ከ1 ወደ 2 በመቶ መዝለል | ቅናሽ አለመኖር፣ የአዲስ ሰፈር ጭማሪ | የሻጩ የዕድሜ ቅናሽ መነሳት |
| ኢንሹራንስ | መካከለኛ | መካከለኛ | ውድ | መካከለኛ |
| ዋናው የቤት ችግር | እርጅና፣ ፍሳሽ፣ ሊድ | እንደ ቤቱ ዕድሜ | መሠረት፣ ጣሪያ | የኤች ኦ ኤ ገደብ |
| የራሳችን ሰው | ጥቂት | ጥቂት | ብዙ | ብዙ |

## ብድሩና የእቁቡ ገንዘብ

በመደበኛ ብድር ለአንድ ቤተሰብ የኪራይ ቤት ቢያንስ 15 በመቶ፣ ከ2 እስከ 4 ቤተሰብ ለሚይዝ 25 በመቶ ዳውን ፔይመንት ይጠየቃል። 25 በመቶ ስትከፍሉ ወለዱ ይሻላል። ከዚያ በላይ ባንኩ የስድስት ወር ክፍያ መጠባበቂያ ማየት ይፈልጋል። ለላይኛው ምሳሌ 55 ሺህ ዳውን ፔይመንት፣ ክሎዚንግ (የግዢው ማጠናቀቂያ ወጪ) 6,600፣ መጠባበቂያ 9,540 ዶላር ነው። በጠቅላላ 71 ሺህ ዶላር ሳይኖር መጀመር አይመከርም።

እቁብ የሚጥሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይደናቀፋሉ። ዕጣ ደርሷችሁ 30 ሺህ ዶላር በአንድ ቀን አካውንታችሁ ውስጥ ሲገባ ባንኩ «ከየት መጣ?» ይላል። የሁለት ወር ስቴትመንት ስለሚጠይቅ ገንዘቡ ከማመልከታችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ሙሉ ወር አካውንት ውስጥ መቀመጥ አለበት። በየወሩ የጣላችሁበትንም መዝግቡ። «ወንድሜ በስጦታ ሰጠኝ» ማለትም አይሠራም። ለኪራይ ቤት በሚሰጥ መደበኛ ብድር የስጦታ ገንዘብ አይፈቀድም።

በ3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት የሚገኘው ኤፍ ኤች ኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው) ብድር ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት ብቻ ነው። ሳትኖሩበት እኖርበታለሁ ብሎ መፈረም ማጭበርበር ነው፤ የፌዴራል ወንጀል ነው። ይህን «ሁሉም ያደርገዋል» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ።

ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወይም የራሳቸው ሥራ ያላቸው ሰዎች በታክስ ወረቀት ላይ ገቢያቸው አነስተኛ ሆኖ መደበኛ ብድር ሊከለከሉ ይችላሉ። ለእነሱ ዲ ኤስ ሲ አር የሚባል ብድር አለ። አበዳሪው የሚያየው ኪራዩ ክፍያውን መሸፈኑን ነው። ወለዱ ከፍ ይላል። ከ75 እና ከ100 ሺህ ዶላር በታች የማያበድሩም ብዙ ናቸው። ስለዚህ የክሊቭላንዱ ርካሽ ቤት ብድር ሊያጣ ይችላል።

በሌላ በኩል የኪራይ ቤት ሕንፃው በ27.5 ዓመት እየተከፋፈለ ከገቢ ይቀነሳል። በምሳሌያችን መሬቱ 20 በመቶ ከሆነ በዓመት 6,400 ዶላር ነው። የወረቀት ኪሳራውን ከደመወዝ ላይ መቀነስ የሚቻለው ግን ገቢያችሁ እስከ 100 ሺህ ዶላር ሲሆን ነው። ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ 150 ሺህ ላይ ያበቃል፤ ቀሪው ለወደፊት ይተላለፋል። ሁለቱም የሚሠሩ ባልና ሚስት ይህን ገደብ በቀላሉ ያልፋሉ።

## ለማን የቱ ይሻላል?

ከ40 ሺህ ዶላር በታች የያዘ ሰው ከስቴት ውጭ ባይገዛ ይሻለዋል። በዚህ ገንዘብ ባላችሁበት አካባቢ ሁለት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት በኤፍ ኤች ኤ ገዝቶ በእውነት አንዱ ውስጥ እየኖሩ ሌላውን ማከራየት ይቀላል።

70 ሺህ አካባቢ ያለውና የትም ሰው የሌለው፣ ኢንዲያናፖሊስን ወይም ፓርማን ይይ። ዋጋ ለመደራደር ግን ትዕግሥት ይኑረው። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ቤቶች ማለፍ ነውር የለውም።

100 ሺህና ከዚያ በላይ ያለው፣ ቋሚ ደመወዝ የሚያገኝና በየወሩ 200 እና 300 ዶላር ቢጨምር የማይጎዳ ከሆነ ዳላስ ወይም አትላንታ ይሻለዋል። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ የታመነ ዘመድ የት እንዳለ ይጠይቅ። ዘመዱ ማኔጀር አይሁን። ዘመድና ኪራይ ሲቀላቀሉ ኪራዩም ዘመዱም ይጠፋል። የእሱ ሥራ በዓመት ሁለት ጊዜ በዚያ መንገድ አልፎ ሣሩ መታጨዱን ማየት ብቻ ነው።

ወደ ጡረታ የቀረበና አሁን ወርሃዊ ገቢ የሚፈልግ ሰው ብድሩን ያሳንስ፤ ለእሱ የኦሃዮና የኢንዲያና ርካሽ ቤቶች ትርጉም ይሰጣሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከሪልተር በፊት ሁለት ፕሮፐርቲ ማኔጀሮችን አነጋግሩ። «የትኛውን ሰፈር አልቀበልም ትላለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሽያጩ ኮሚሽን ስለማያገኝ እውነቱን የመናገር ዕድሉ ሰፊ ነው። ሰፈሩን ቀንም፣ አርብ ማታም እዩት። ክሎዚንግ ሲደርስ ደግሞ የባንክ ቁጥር የያዘ ኢሜይል ብቻ ተከትላችሁ ገንዘብ አትላኩ። የታይትል ኩባንያውን (የስም ዝውውሩን የሚያስፈጽመውን) ስልክ ከራሱ ከኩባንያው ድረ ገጽ ወስዳችሁ ደውሉ፤ ቁጥሩን በድምፅ አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ላኩ።